ሁለት ድስት፣ አንድ ማማሰያ

ሮማነወርቅ ደክሟታል። ይህን ለማለት ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልግም። ጠዋት ስትነሳ ይደክማታል፣ ሰሌዳው ፊት ስትቆም ይደክማታል፣ ቅዳሜና እሁድ አርፋ ሰኞ ስትመለስ ደግሞ ማረፉ ራሱ አድክሟት ትመጣለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሐረር ውስጥ እንግሊዝኛ ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። እንግሊዝኛ ማስተማር ሲባል ቀላል ይመስላል። ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ አንዱ ኦሮምኛ፣ አንዱ ሐረሪ፣ አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ሶማሊኛ ሲያወራ «ሳይለንስ!» እያሉ ጉሮሮን መጨረስ ነው። ጉሮሮዋ አልቋል። እግሯም ከቀትር በኋላ ስለሚያብጥ ከሰፊ ነጠላ ጫማ በስተቀር የሚገባላት የለም። የጠመኔ ብናኝ ሳንባዋ ውስጥ እንደተቀመጠ እርግጠኛ ናት፤ ሐኪሙ ግን አየሁት አላለም።

የአባቷ አያት ከሸዋ የመጣ ወታደር ነበር ይባላል። እሷ ግን ሸዋን የምታውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። አዲስ አበባ ለስልጠና ስትሄድ «አገርሽ የት ነው?» ይሏታል፤ «ሐረር» ትላለች። «ሐረሪ ነሽ?» አይደለሁም። «ኦሮሞ?» አይደለሁም። «ታዲያ?» ሲሏት «ታዲያማ ሐረር ነዋ!» ብላ ሻይዋን ትጠጣለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ታስረዳቸው ነበር፤ ኋላ ሰለቻት። ባሏ በወጣትነቱ ሞተ፤ ልጅ አልወለደችም። የእህቷን ልጅ ቤዚን አሳደገች። ቤዚ አሁን ባንክ ቤት ትሠራለች፤ ጥፍሯን ቀይ ትቀባለች፤ አክስቷን በጣም ትወዳለች፤ አክስቷን በጣም ትቆጣለችም።

ቤታቸው ከግንቡ ውስጥ፣ ኤረር በር አጠገብ ነው። አንድ የግቢ በር፣ ሁለት ቤት። አንደኛው የሮማነወርቅ ነው፤ ሌላኛው መኪና ግርግር ላይ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ ጨርቅ የምትሸጠው የናፊያ። ሁለቱ እኩያሞች ናቸው። የሮማነወርቅ ባል የሞተ ጊዜ ናፊያ ሱቋን ዘግታ አርባው እስኪወጣ ከጎኗ አልተለየችም። ናፊያ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ምጡ የያዛት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር፤ መኪና ለምና ሆስፒታል ያደረሰቻት ሮማነወርቅ ናት። ከዚያ በኋላ ስለ መዋደድ አውርተው አያውቁም። ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት፤ በውኃው፣ በድመቷ፣ ደረጃውን ማን ይጥረግ በሚለው።

ይበላላሉም። ሽሮው፣ አትክልቱ፣ ዳቦው፣ ጣፋጩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድና ሲመለስ ይውላል። ሥጋ ሲሆን ግን በየድስታቸው ነው። ይህን ያወጀ የለም፤ የተቀየመበትም የለም። ሮማነወርቅ ድግስ ያላት እንደሆነ ሁለት በግ ትገዛለች። አንዱን ጎረቤት ያለ ክርስቲያን በስመ አብ ብሎ ያርዳል። ሌላውን የናፊያ ወንድም ዑስማን ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። የእስላሙ ሥጋ የሚሠራው በናፊያ ድስት፣ በናፊያ ማማሰያ፣ በናፊያ እጅ ነው፤ የሚቀርበውም በናፊያ ሳህን። እንግዳው አንድ ግቢ ገብቶ፣ አንድ ዳስ ስር ተቀምጦ፣ የየራሱን በልቶ፣ አንድ ላይ መርቆ ይሄዳል።

በዚህ ዓመት ግንቦት ላይ ሮማነወርቅ ስድሳ ዓመት ሞላት፤ ጡረታ ወጣች። ድግስ አልፈለገችም። «አንድ አልጋ ስጡኝና ተዉኝ» ነበር ያለችው። ቤዚና ናፊያ ግን ተማከሩባት። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ጾም የለም፤ ሐሙስ ይሁን፣ አስር ሰዓት ላይ ይሁን፣ አስተማሪዎቹ ይጠሩ፣ የናፊያ አፎቻ ሴቶች ይምጡ ብለው ወሰኑ። አፎቻ በደስታም በሐዘንም የሚሰባሰቡበት የጎረቤት ማኅበር ነው፤ ከአፎቻ ጋር ደግሞ ማንም ክርክር አይገጥምም።

ያን ሐሙስ ጠዋት የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዋ ነበር። ሰው ሁሉ የመጨረሻ ቀኑን በንግግር ይጨርሳል፤ እሷ ግን ዕዳ ነበረባት። ማክሰኞ ዕለት፣ ስለ አንድ የገበያ ከተማ የሚያወራ ምንባብ ላይ፣ «ሚንግል» የሚል ግስ ወጣ። ሮማነወርቅ እንደ ልማዷ «ሚንግል ማለት ሚክስ ማለት ነው። መቀላቀል። ጻፉ» አለች። ዘመኗን በሙሉ እንዲህ ነበር የምታስጽፈው። ነፃነት የምትባል ከፊት የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁለት ቃል ለምን አስፈለጋቸው?»

«እንግሊዞቹን ጠይቂያቸው» አለች ሮማነወርቅ፤ ክፍሉ ሳቀ፤ ደወል ተደወለ። ነገሩ ግን አልለቀቃትም። ደክሟታል እንጂ ገና አልሞተችም። ማታ ሽፋኑ የተገነጠለውን ትልቁን መዝገበ ቃላት አወረደች፤ ስልኳንም ጎረጎረች። ሐሙስ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆማ የነፃነትን ጥያቄ መለሰች።

ግሱ ጥንታዊ ነው አለቻቸው። የዛሬ ሺህ ዓመት እንግሊዞች «ሜንጋን» ይሉት ነበር። ከኋላ አንዱ «መንጋ!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ዝምድና የለውም፣ አፍህን ዝጋ» ብላ ቀጠለች። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሲኬድ ሥሩ ማቡካት ከሚል ቃል ሳይሆን አይቀርም ይላሉ አዋቂዎቹ፤ እጅ ሊጥ ውስጥ ገብቶ ሲያሽ ማለት ነው። ደግሞ «አመንግ» የምንለው ቃል የዚሁ ግስ የአጎት ልጅ ነው፤ ድሮ በተቀላቀለ ሰው መሃል መሆን ማለት ነበር። ይህን ስትናገር ራሷም ተገረመች። «ቢትዊን ለሁለት፣ አመንግ ከሁለት በላይ» እያለች ስንት ትውልድ አስጽፋለች፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

«ልዩነቱስ ቲቸር?» አለች ነፃነት፤ የማትለቅ ልጅ ናት።

«ሚክስ ያደረግሽው ነገር ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይለይም። ስኳር ሻይ ውስጥ ገብቶ ስኳሩን አውጪ ብልሽ አታወጪም። ሚንግል ሲሉ ግን አብሮ ሆኖም ማን ማን እንደሆነ የሚታወቀውን ነው፤ ሁልጊዜ ባይሆንም። ፈረስ መጋላ አደባባይን በስድስት ሰዓት አስቢው። ታክሲው፣ ነጋዴው፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው፣ መስጊድ የሚገባው። ሁሉም ይጋፋል፤ ማንም ግን ማንነቱ አይጠፋውም።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «ዛሬ እኔ ቤት ሁለት ድስት ተጥዷል። አንድ ግቢ ውስጥ። እሱ ነው ሚንግል።»

ልጆቹ አጨበጨቡላት። ምሳሌው ለራሷም ደስ አላት፤ እንዲያውም መንገዱን በሙሉ ስታስበው ሄደች። በቀትር ፀሐይ፣ በዚያ እግሯ፣ ዳገትና ቁልቁለቱን ወጥታና ወርዳ ስትደርስ ግን ደስታው አልቆ ድካሙ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ግቢው ውስጥ ዳሱ ተጥሏል። በአንደኛው ጥግ የእሷ ድስት ተጥዷል፤ በሌላኛው ጥግ የናፊያ። የናፊያ የልጅ ሚስት ሳዳ ሳህን ትደረድራለች። ሳዳ ሃይማኖቷን የምታጠብቅ፣ ቁጥብ፣ ሰው የማታስቀይም ወጣት ናት። ድሮ የሮማነወርቅ ተማሪ ነበረች። ጠዋት ናፊያን ለብቻዋ ይዛ «እማማ፣ አይቆጡኝና እኛ ወጡን ቤታችን ውስጥ ብንሠራው አይሻልም? እዚህ ሰው ይበዛል፣ ዕቃ ይደባለቃል» ብላት ነበር። ናፊያ ተቆጣች። «እኔ ከሮሚ ጋር ስኖር አንቺ አልተወለድሽም። አፎቻው ስለ ሥጋው ሲጠይቀኝ በእኔ ይሁን ብያለሁ። ሮሚን አውቃታለሁ፤ በሐላልና በሐራም አትቀልድም!» ይህን ሁሉ ሮማነወርቅ እንደመጣች ናፊያ ነገረቻት፤ በኩራት ነው የነገረቻት።

ሮማነወርቅ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ድስቷ ሄደች። «ተኚ» አሏት፤ አልተኛም አለች። ድግሱን የጠሉት ሰዎች ናቸው ደግሞ አንዴ ከተጀመረ የማይለቁት። የዓስር ሶላት ሲደርስ ናፊያ ተነሳች።

«ሮሚ፣ ድስቴን አደራ። እሳቱን ብቻ እዪልኝ። ማማሰል ካስፈለገው ማማሰያዬ ክዳኑ ላይ አለልሽ።»

«ሂጂ አቦ፣ ስገጂ» አለቻት።

ናፊያ ገባች። ሳዳም ተከተለቻት። ቤዚ ለስላሳ ልታስመጣ ወጥታለች። ሮማነወርቅ ብቻዋን ቀረች። የራሷን ወጥ እያማሰለች ዓይኗ ይከደናል፣ ይከፈታል። ቆማ እንቅልፍ ወስዷት ነበር ብል አልዋሸሁም። ድንገት ሽታ መጣ፤ ሽንኩርት ድስት ስር ሲይዝ የሚሸተው ሽታ። ከማዶ ነው። «ውይ የናፊያ ድስት!» አለችና በዚያ ባበጠ እግሯ ሮጠች። ክዳኑን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አነሳች፤ በእጇ ያለውን ማማሰያ እስከ ድስቱ ስር ሰደደች። ፋቀች፣ ገለበጠች፣ ትንሽ ውኃ ጨመረች፣ እንደገና ፋቀች። እሳቱን ጎትታ ቀነሰች። ወጡ ተረፈ። ላቧን ጠረገችና ደስ አላት፤ «እንኳን ደረስኩ» አለች።

ከዚያ ክዳኑን ልትመልስ ስታጎነብስ ከክዳኑ ላይ መሬት የወደቀውን የናፊያን ማማሰያ አየች። ንጹሕ ነበር፣ ደረቅ። የያዘችውን አየች። የራሷ ድስት ወጥ ከነሥጋው ቁራጭ እጀታው ድረስ ተለጥፎበታል።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ጠዋት ሰባ ልጅ ፊት የኮራችበት ምሳሌ አሁን በአንድ እንጨት ጫፍ አልቆለታል። ማውጣት አይቻልም። ስኳሩ ሻይ ውስጥ ገብቷል።

ቤዚ ለስላሳውን አስይዛ ስትገባ አክስቷን አየቻት፤ ማማሰያውንም፤ የተከፈተውንም ድስት። ሞኝ አይደለችም።

«ማን አየሽ?» አለች ዝቅ ብላ።

«ማንም።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

«ቤዚ!»

«አንቺ ሆን ብለሽ አላደረግሽው፤ እነሱ ሳያውቁ ቢበሉ ኃጢአት የለባቸውም፤ እነሱው ናቸው እንዲህ የሚሉት። እቴቴ፣ አስቢው እስቲ! ናፊያ አፎቻው ፊት በእኔ ይሁን ብላለች። ብትነግሪያት ማንን ነው የምታዋርጂው? እሷን እኮ ነው!» ቤዚ ማማሰያውን ከእጇ ተቀበለችና አጥባ አስቀመጠችው።

እውነቷን ነው፤ ይኼ ነው ክፋቱ። ሮማነወርቅ አሰበችው። ዝም ብትል ማንም አይጎዳም፤ ናፊያ ትከበራለች፣ ሳዳ ታፍራለች፣ እንግዳው ይመርቃል፣ እሷም ትተኛለች። መተኛት እንዴት አምሯት ነበር! መናገር ጉልበት ይፈልጋል፤ እሷ ጉልበቷን ሌላ ቦታ ጨርሳለች። ብትናገር ሳዳ ልክ ነበረች ማለት ነው። የናፊያ ቃል ወደቀ ማለት ነው። ከሁሉ ከሁሉ ግን፣ ናፊያ ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና አትበላም። ያ ነው ያስፈራት። ሰው በስድሳ ዓመቱ ሌላ ናፊያ ከየት ያመጣል?

ናፊያ የሶላት ልብሷን እያጠፈች ወጣች። ፊቷ በውዱ ትጥበት ውኃ ርሷል። «ሽታው ደስ ይላል፣ ማሻአላህ» አለች።

«ናፊያ፣ አትቅመሺው» አለች ሮማነወርቅ።

ቤዚ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምን ሆነ?»

«ድስትሽ ስር ሊይዝ ነበር። ሮጥኩ። በእጄ በያዝኩት አማሰልኩት። በእኔ ማማሰያ። ጠልቆ ገብቷል፤ ሥጋም ነበረበት።» ድምጿ እንደ ተማሪ ድምፅ ቀጠነባት። «ሳላስብ ነው። ደክሞኝ ነው። ይቅር በይኝ።»

ናፊያ ልብሱን ማጠፏን አላቆመችም። አንዴ አጠፈችው፤ ሁለቴ አጠፈችው፤ የማይታጠፍ እስኪሆን ድረስ። ከዚያ ሮማነወርቅ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ምነው ዝም ብትዪኝ» አለች።

«እኔም አስቤው ነበር።»

«ሳላውቅ በልቼ፣ አላህም ይቅር ብሎኝ፣ እንግዶቼም በልተው ይሄዱ ነበር።» ድስቱን አየች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ለሮማነወርቅ በቀለላት። «ሮሚ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይኼን ሁሉ ዓመት ስንበላላ... ዛሬ ነው የመጀመሪያው?»

ሮማነወርቅ ይህን ጥያቄ አልጠበቀችም። ወላዲተ አምላክን ምስክር አድርጋ ልትምል አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ማን ነው በሕይወቱ ያማሰለውን ድስት ሁሉ የሚያስታውሰው?

«እኔ እስከማውቀው ዛሬ ነው» አለች።

«እስከማውቀው» ብላ ናፊያ ቃሉን ደገመችው።

ሳዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። «ብዬ አልነበር» አላለችም። መሬት መሬት አየች። ብትል ይሻል ነበር።

የግቢው በር ተንኳኳ። የአፎቻው ሴቶች ሰዓታቸውን አክብረው መጡ፤ በቀለማት ያሸበረቀ ሻርፓቸውን አጣፍተው፣ ስጦታቸውን ብብታቸው ስር አድርገው። ናፊያ ተነስታ ሄደች። ሮማነወርቅ ከተቀመጠችበት ሆና ሰማቻት።

«ግቡ፣ ግቡ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ድስቱ ተበላሽቶብኛል፤ ሌላ እስክጥድ ታገሡኝ። በዳቦውና በሻዩ ጀምሩ።»

ውሸት አልነበረም። ተበላሽቷል። በማን እጅ እንደተበላሸ ግን አልተናገረችም፤ ሴቶቹም «አይዞሽ፣ በድግስ ያለ ነው» እያሉ ዳሱ ስር ተቀመጡ።

ከዚያ ናፊያ ሥራ ጀመረች። የተበላሸውን ወጥ ባልዲ ውስጥ ገለበጠችው፤ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም አይሆንም። ከግንቡ ውጭ ወስደው እንዲደፉት አዘዘች፤ ጅብ የማን ቢላ እንዳረደው አይጠይቅም። ዑስማን ካረደው በግ ለነገ ብላ ያስቀመጠችውን ታፋ ከቤቷ አወጣች። ሌላ ድስት አጠበች። ሥጋውን ከትፋ በውኃ ጣደችው። ቢላው መክተፊያው ላይ ሲያርፍ ይጮኻል፤ ሮማነወርቅ እያንዳንዱ ጩኸት ለእሷ የተባለ መሰላት። ልርዳሽ ለማለት አልደፈረችም። የገዛ ግቢዋ ውስጥ እንግዳ የሆነች ያህል ጥግ ይዛ ቆመች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ለመሄድ ተመኝታ አታውቅም፤ ወዴት እንደሆነ ግን አታውቀውም።

ናፊያ የሽንኩርቱን ጆንያ ብታራግፈው ባዶ ነው። ጠዋት ሁሉም ተልጦ አልቋል። ነጠላ ጫማዋን ፈለገች።

«እኔ ልሂድ» አለች ቤዚ።

«አንቺ እንግዶቹን አስተናግጂ። ኤረር በር ያሉት ሽንኩርት ሻጮች እኔን ያውቁኛል፤ የበሰበሰ አይሰጡኝም።»

ሳዳ ቶሎ ብላ ወደ ድስቱ ተጠጋች። «ይሂዱ እማማ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ድስቱን እጠብቃለሁ» አለች። በክፋት አልነበረም፤ ማንም ሰው የሚለው ነው። ሮማነወርቅ አንገቷን ደፋች፤ ራሷም ብትሆን ሳዳን ነበር የምታስቀምጠው።

ናፊያ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። ሳዳን አየች፤ ድስቱን አየች፤ ከዚያ ጥግ የቆመችውን አየች። ፊቷ ላይ ድካም ነበር፤ ያ ሁሉ ዓመት አንድ ላይ የደከሙት ድካም።

«አንቺ ከእኔ ጋር ነይ» አለቻት ሳዳን። «ሽንኩርቱን ማን ይሸከምልኛል?»

«ድስቱስ?»

«ሮሚ አለች አይደል።»

ሳዳ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመለከተች፤ ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ አማቷን ተከተለች። የግቢው በር ከኋላቸው ተዘጋ። ዳሱ ስር ሴቶቹ ይሳሳቃሉ፤ አስተማሪዎቹም መምጣት ጀምረዋል፤ ከማጀቱ በኩል ግን ሮማነወርቅና ድስቱ ብቻ ቀሩ።

ወደ ድስቱ ተጠጋች። ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ እሳቱን አየች፤ ደህና ነው። ቤዚ መጥታ ወንበር አቀረበችላት፤ «እቴቴ፣ ተቀመጪ፣ እግርሽ» አለቻት። ሮማነወርቅ ራሷን ነቀነቀች። ናፊያ እስክትመለስ ድረስ ድስቱ አጠገብ ቆማ፣ እንግዳው ሳያያት፣ አለቀሰች።